ማረሻን ከመንገድ የሚያስቀሩ የፒን ስህተቶች

ከጅማ ወደ ሰርቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ነው። ወሩ መጋቢት፣ ሰዓቱ አመሻሽ። ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ በትራክተር ከፍ አድርጌ ይዤ ለማግስቱ እርሻ እየሄድኩ ነበር። በድንገት የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ቆሜ ስወርድ ማረሻውን ከያዙት የትራክተሩ ክንዶች የግራው የታች ክንድ ከትልቁ ጎማ ጋር ተጣብቋል። የጎማው የውስጥ ጎን እንደ ድንች ተልጧል። ክንዱ ወደ ጎን እንዳይወዛወዝ የሚገታውን ስታቢላይዘር የሚይዘው ፒን የለም። በቦታው የተበጠሰች ሽቦ ተንጠልጥላለች። ያቺን ሽቦ ጠዋት ያሰርኳት እኔው ነኝ።

በዚያ ሰዓት ልጆች ከብት እየነዱ በመንገዱ ዳር ይመለሳሉ። ማረሻው ወደ እነሱ ወገን ተወርውሮ ቢሆንስ? ይህን ሳስብ ዛሬም እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ በኦሞ ናዳም ሆነ በቀርሳ ሜዳ ትራክተር ለምትነዱ ሁሉ፣ እኔ የሠራኋቸውንና ሌሎች ሲሠሩ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

በቅድሚያ ስለ ዕቃው። ማረሻ ከትራክተር ጋር የሚያያዘው በሦስት ቦታ ነው፤ በሁለቱ የታች ክንዶችና በላይኛው ዘንግ። ይህን አሠራር ለዓለም ያበቃው የአየርላንድ ተወላጁ ሃሪ ፈርጉሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ከፎርድ ጋር በወጣው ትራክተር ላይ በሰፊው ታወቀ። «ማሲ» የምንለው የማሲ ፈርጉሰን ስም ግማሹ የእሱ ነው። ሐሳቡ ማረሻ ከኋላ እየተጎተተ ከሚሄድ ይልቅ ከትራክተሩ ጋር አንድ አካል ይሁን የሚል ነው። የታች ክንዶቹ ግን ወደ ጎን ይወዛወዛሉ። ይህን የሚገታው ስታቢላይዘር ነው። አንዳንዱ ትራክተር ላይ ሰንሰለት ነው፣ አንዳንዱ ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ባለ ቀዳዳ ብረት። ሁለቱንም በቦታቸው የሚያቆያቸው ፒን ነው፤ ፒኑን ደግሞ በጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ መቆለፊያ።

ሽቦ፣ ሚስማር፣ ቁራጭ ፌሮ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ፒኑ ራሱ እምብዛም አይሰበርም። የምትጠፋው መቆለፊያዋ ናት። ከጠፋች ደግሞ እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ሽቦ ፍለጋ ነው። «ለዛሬ ብቻ» እንላለን። ዛሬ አልፎ ሳምንት ይሆናል።

ከዚያ ምሽት በኋላ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ሄጄ ለአንድ አንጋፋ መካኒክ ሽቦዋን አሳየኋቸው። በጣታቸው ወዲያና ወዲህ አጠፍ ዘርጋ አደረጓት። ጥቂት እንደቆዩ ቀጭ አለች።

«ልጄ፣ ሽቦ ለአጥር ነው» አሉኝ። «አጥር ቆሞ ይውላል። ይሄ ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል።»

«ጋሼ፣ ታዲያ ሁለት ሦስት ጊዜ ብጠመጥመውስ?»

«ሦስቱም በተራ ይበጠሳሉ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ትራክተሩ ሲሠራ ፒኑ በቀዳዳው ውስጥ በጥቂቱ ይዞራል፣ ወደ ውጭም ይገፋል። ሽቦው በዚያች ቦታ ደጋግሞ ይታጠፋል። ውስጥ ውስጡን ይደክማል፣ ከውጭ ግን ደህና ይመስላል። ሚስማርም ለስላሳ ብረት ነውና ተጣሞ ይሾልካል። ፌሮን በፒን ፋንታ የሚከቱ ደግሞ አሉ። ፌሮ ልኩ ስለማይገጥም ቀዳዳውን እየበላ ያሰፋዋል፤ በኋላ ትክክለኛው ፒን ተገዝቶ ቢመጣም ይሰፋዋል። በያጅ ዘንድ ሄዶ ቀዳዳ ማስሞላት፣ ከዚያ ቶርኖ ቤት ማስበሳት ይከተላል። አንዲት መቆለፊያ ከመግዛት ጋር አይወዳደርም።

የግድ ብሎን መጠቀም ካለባችሁ ራሱ ላይ 8.8 የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፈልጉ። ጭነቱ የሚያርፍበት ቦታ ጥርስ የሌለው ለስላሳው ክፍል ይሁን። ጥርሱ ቀዳዳ ውስጥ ከገባ እንደ ሞረድ ይፈገፍጋል። ዳዶውም ውስጡ ናይለን ያለው ዓይነት ቢሆን በንዝረት በቀላሉ አይፈታም።

ቀለበቷን ሳይመልሱ መሄድ

ባለ ቀለበቷን መቆለፊያ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ጣት የምታህል ብረት ናት፣ ራሷ ላይ በስፕሪንግ የምትገለበጥ ቀለበት አላት። ቀዳዳው ውስጥ ከከተታችኋት በኋላ ቀለበቷ በፒኑ ላይ አልፋ ወዲያኛው ጎን ቀጭ ማለት አለባት። ሲቸኮል ብረቷ ገብታ ቀለበቷ ቆማ ትቀራለች። ይህ ያልተቆለፈ በር ማለት ነው።

ጉልበቷንም ፈትኑ። ቀለበቷን በአውራ ጣት አንስታችሁ ልቀቋት። በኃይል ካልተመለሰች ስፕሪንጉ አልቋልና ጣሏት። ማሳው ረጅም ሣር ወይም የቆመ የበቆሎ አገዳ ካለበት ደግሞ ቀለበቷን አገዳው እየመታ ይከፍታታል። እንዲህ ባለው ቦታ የፀጉር ማስያዣ የምትመስለው ወይም እግሯ የሚታጠፈው መቆለፊያ ትሻላለች። ቀዳዳው ሽቅብና ቁልቁል ከሆነ መቆለፊያዋን ከላይ ወደ ታች ክተቷት። ስፕሪንጉ ቢደክም እንኳ ክብደቷ ያቆያታል።

ልክ የማይገጥም የማረሻ ፒን

ይህ ስታቢላይዘሩን በቀጥታ ባይነካም መዘዙ እዚያ ይደርሳል። የታች ክንዶች የሚገቡበት የማረሻ ፒን ውፍረት በምድብ 1 ዕቃ (በአነስተኛው ልክ) 22 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በምድብ 2 (በተለቅ ያለው) ደግሞ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀጭኑን ፒን ሰፊው ቀዳዳ ውስጥ ከትታችሁ ከሄዳችሁ ማረሻው በየጉድጓዱ ይዘልላል፤ እያንዳንዱ ዝላይ የስታቢላይዘሩን ፒን እንደ መዶሻ ይመታዋል። ክፍተቱን የሚሞላ የብረት ቀለበት ከመለዋወጫ ሱቅ ይገኛል።

ለሁሉም ሥራ አንድ ዓይነት ማጥበቅ

ከምንም በላይ የማያግባባን እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሹፌር «ግጥም አድርገህ አጥብቅ» ይላል፣ ሌላው «ልቀቀው» ይላል። ሁለቱም እንደ ሥራው ትክክል ናቸው።

በማረሻ ስታርሱ ስታቢላይዘሩ ትንሽ ላላ ይበል። ማረሻው ትልሙን ተከትሎ ራሱን እንዲያስተካክል ነው። ግጥም ካለ በእያንዳንዱ የመሪ ንቅናቄ ማረሻው ወደ ጎን ይገፋል፣ ጭነቱም ሁሉ ፒኑ ላይ ያርፋል። ለመርጫና ለመዝሪያ መሣሪያ ግን ጥብቅ መሆን አለበት። በአስፋልት ማረሻ አንስታችሁ ስትሄዱም እንዲሁ። ባለ ቀዳዳው ብረት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ክብ ቀዳዳና ረጅም ስንጥቅ አለ። ፒኑ ክቡ ውስጥ ሲገባ ክንዱ አይንቀሳቀስም፣ ስንጥቁ ውስጥ ሲሆን ይላላል። ማሳ ውስጥ ስንጥቁ ላይ አድርጎ ውሎ፣ ማታ ሳይቀይር አስፋልት የሚወጣ ሰው ብዙ ነው።

ሰንሰለት ያላቸው ላይ ሌላ ጉዳይ አለ። በአንዳንድ ትራክተር ክንዱ ከፍ ሲል ሰንሰለቱ ይበልጥ ይወጠራል። መሬት ላይ ሳለ ክር እስኪመስል አጥብቃችሁ ብታነሱት ወይ ሰንሰለቱ ይበጠሳል ወይ የያዘው ብረት ይሰነጠቃል። ካስተካከላችሁ በኋላ ቀስ ብላችሁ እስከ ላይ አንሱና ከወንበራችሁ ላይ ሆናችሁ ተመልከቱ። ግራና ቀኙም እኩል ይሁን። ማረሻው መሐል ካልቆመ አንዱ ፒን የሁለቱን ሥራ ይሠራል።

ቀዳዳ በጣት መፈለግ

ቀዳዳዎቹ ገጥመው እንደሆነ ለማወቅ ጣታችሁን አትክተቱ። ክንዱ አንድ ሳንቲ ሜትር ከተንቀሳቀሰ ጣት ይቆርጣል። በቀጭን ዘንግ ወይም በካቻቢቴ ፈልጉ። ማረሻው መሬት ይንካ፣ ሞተር ይጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። ረዳቱ በትራክተሩና በማረሻው መካከል ቆሞ ሳለ ሹፌሩ የሃይድሮሊኩን እጀታ መንካት የለበትም። «ትንሽ ከፍ አድርግልኝ፣ ትንሽ ዝቅ» እየተባለ የሚሠራውን ሥራ እባካችሁ ተዉት። ረዳቱ ይውጣ፣ እናንተ ከፍታውን አስተካክሉ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ከዚያ ይግባ።

ጭቃው የደበቀውን አለማየት

የእኛን ቀይ አፈር ታውቁታላችሁ። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ክንዱን፣ ሰንሰለቱንና ፒኑን አንድ ላይ ለብዶ ጡብ ያስመስላቸዋል። መቆለፊያዋ ትኑር አትኑር ከላይ ሆኖ አይታወቅም። ከማሳ ስትወጡ አስፋልት ሳትረግጡ ቁሙ፤ ጭቃውን በእንጨት አራግፉና በእጃችሁ ዳስሱ። አዲስ የገጠመ ዕቃ ከሆነ ደግሞ አንድ ሁለት ትልም ካረሳችሁ በኋላ ወርዳችሁ እዩት። ዝገት የያዘውን ፒን በናፍጣ አጥባችሁ ግራሶ ቀቡት፤ በመዶሻ እየተደበደበ የሚገባ ፒን ጫፉ ያብጥና መቆለፊያ አልቀበልም ይላል።

እኔ አሁን ከወንበሬ ሥር የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አለኝ። ውስጡ አምስት ስድስት መቆለፊያ፣ ሁለት ትርፍ ፒንና ፒንሳ አለ። እያንዳንዷን መቆለፊያም በአጭር ቀጭን ሰንሰለት ከክንዱ ጋር አስሬያታለሁ፤ ብትወልቅም ሣር ውስጥ አትጠፋም። ማረሻ ስታዋሱ ፒኑንና መቆለፊያውን ቆጥራችሁ ስጡ፣ ሲመለስም ቆጥራችሁ ተቀበሉ።