«ጌት» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ሲያደናግር፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ተምረው መጽሐፍ ሲያነቡ ብዙም የማይቸገሩ፣ ሰው ሲያነጋግራቸው ግን «ጌት» የምትለው አጭር ግስ በየዓረፍተ ነገሩ እየገባች ለምታደናቅፋቸው ሰዎች ነው። ብዙዎቻችን ቃሏን የተማርነው «አገኘ» በሚል አንድ ፍቺ ነው። ፍቺው ትክክል ቢሆንም ቃሏ ከምትሠራው ሥራ ጥቂቱን ብቻ ይሸፍናል። አማርኛ ቀሪውን ሥራ ለተለያዩ ግሶች ያከፋፍለዋል፤ አለዚያም በ«ተ» እና በ«አስ» ቅድመ ቅጥያዎች አማካይነት በራሱ በግሱ ውስጥ ይፈጽመዋል። ስለዚህ ከታች ባሉት ችግሮች ሁሉ ምርመራው የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው፤ ከ«ጌት» ቀጥሎ ምን ዓይነት ቃል እንደመጣ ይመልከቱ።

ችግር፦ «አገኘ» ብለው ሲተረጉሙት ስሜት አይሰጥም

«ኢት ኢዝ ጌቲንግ ዳርክ» የሚለውን «ጨለማ እያገኘ ነው» ብሎ የሚተረጉም ሰው የቆመው እዚህ ላይ ነው። መንስኤው ከ«ጌት» ቀጥሎ ቅጽል መምጣቱ ነው፤ ቅጽል ሲከተላት ቃሏ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ መለወጥን ታመለክታለች። በአማርኛ «እየጨለመ ነው» እንላለን፤ «አይ አም ጌቲንግ ኦልድ» ደግሞ «እያረጀሁ ነው» ማለት ነው። በምንናገርበት ጊዜ ስሕተቱ በተቃራኒው ይመጣል። «ሺ ጎት አንግሪ» ማለት ሲገባን «ሺ ዋዝ አንግሪ» እንላለን። ልዩነቱ «ተናደደች» እና «ተናዳ ነበር» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ የመጀመሪያው ንዴቱ የጀመረበትን ቅጽበት ሲነግረን ሁለተኛው የነበረችበትን ሁኔታ ብቻ ይገልጻል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። አማርኛ «ራበኝ» እና «ደከመኝ» ሲል ግሱ የኃላፊ ጊዜ ቅርጽ ቢኖረውም የሚናገረው ስለ አሁኑ ስሜት ነው። ስለሆነም አሁን የራበው ሰው «አይ አም ሀንግሪ» ይበል እንጂ «አይ ጎት ሀንግሪ» አይበል፤ ይህኛው «መንገድ ላይ ሳለሁ ራበኝ» እያሉ ያለፈ ነገር ለመተረክ ይሆናል። በሽታ ላይ ደግሞ ባለቤቱና ተሳቢው ቦታ ይለዋወጣሉ። በአማርኛ ጉንፋን ሰውን ይይዛል፣ በእንግሊዝኛ ግን «አይ ጎት ዘ ፍሉ» ተብሎ ሰውየው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ይሆናል።

ችግር፦ ቦታ ሲጠቀስ «ቱ» የምትገባበትና የምትወጣበት አይታወቅም

ቦታ ከተከተለ ትርጉሙ «ደረሰ» ነው። አማርኛ «አዳማ ደረስኩ» ሲል መስተዋድድ ስለማይጠቀም ብዙ ሰው «አይ ጎት አዳማ» ይላል፤ ይህ ግን አዳማን በእጁ እንዳስገባ ያስመስለዋል። ትክክለኛው «አይ ጎት ቱ አዳማ» ነው። «ሆም»፣ «ሂር» እና «ዜር» የሚባሉት ሦስቱ ቃላት ብቻ ከዚህ ደንብ ውጭ መሆናቸውን መያዝ ለዕለት ተዕለት ንግግር ይበቃል፤ «አይ ጎት ሆም» እንጂ «ጎት ቱ ሆም» አይባልም። ቤቱ «ማይ ሀውስ» ከተባለ ግን «ቱ» ትመለሳለች።

መሳፈርና መውረድም ከዚሁ ጋር ይታያሉ። ተሳፋሪው ቆሞ ሊራመድበት የሚችለውን አውቶቡስ፣ ባቡርና አውሮፕላን ሲሳፈር «ጌት ኦን»፣ ሲወርድ «ጌት ኦፍ» ይባላል። ጎንበስ ብሎ ገብቶ የሚቀመጥበት የቤት መኪና ከሆነ ግን «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት» ነው። እኛ «ታክሲ» የምንለው የአዲስ አበባ ሚኒባስ በውስጡ ቆሞ ለመሄድ ባይመችም፣ ብዙ ሰው በአንድ መስመር የሚሳፈርበት የሕዝብ ማመላለሻ በመሆኑ እንደ አውቶቡስ ቢቆጠር ይሻላል ብዬ አምናለሁ። «ወራጅ አለ» የሚለው ተሳፋሪ «ጌት ኦፍ» ሊል ነው።

ችግር፦ ያስደረጉት ሥራ ራስዎ እንደሠሩት፣ የተሰረቀብዎት ዕቃ ደግሞ እርስዎ እንደተሰረቁ ይሰማል

ይህ ከሁሉም በላይ ሊጤን የሚገባው ችግር ነው፤ ስሕተቱ ዓረፍተ ነገሩን አያፈርሰውም፣ ሰሚው ግን ሌላ ታሪክ ይዞ ይሄዳል። ከፀጉር አስተካካይ የተመለሰ ሰው «አይ ከት ማይ ሄር» ካለ መቀሱን ራሱ ይዞ ቆረጠ ማለት ነው። ስልኩ የተሰረቀበት ሰው «አይ ዋዝ ስቶለን» ካለ ደግሞ የተወሰደው እሱ ራሱ ነው።

መንስኤው የሚያስገርመው፣ አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የተዘጋጀ መልክ እያለው ሳንጠቀምበት መቅረታችን ነው። «ፀጉሬን ተቆረጥኩ» እና «ስልኬን ተሰረቅሁ» በሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ባለቤቱ «እኔ» ነው፣ ዕቃው «ን» ይዞ በተሳቢነት ይቀመጣል፣ ግሱም በ«ተ» ተደራጊ ይሆናል። እንግሊዝኛውም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሄዳል፦ «አይ ጎት ማይ ሄር ከት»፣ «አይ ጎት ማይ ፎን ስቶለን»። «መኪናዬን አሠራሁ» የሚለውም «አይ ጎት ማይ ካር ፊክስድ» ይሆናል። መፍትሔው እንግዲህ አማርኛው ዕቃውን ከግሱ እንደሚያስቀድም ማስታወስና በእንግሊዝኛውም ዕቃውን ከ«ጎት» ቀጥሎ አስገብቶ ድርጊቱን መጨረሻ ላይ ማዋል ነው። «አይ ጎት ፊክስድ ማይ ካር» የሚለው ስሕተት ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ የሚመጣ ነው።

በዕቃው ፈንታ ሰው ሲገባ ጉዳዩ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። «አስፈረምኩት» የሚለው የአማርኛ ግስ ሰውየው እንዴት እንደፈረመ አይነግረንም፤ እንግሊዝኛ ግን ከሦስት አንዱን እንድንመርጥ ያስገድደናል። «አይ ጎት ሂም ቱ ሳይን» ካልን አግባብተን፣ ለምነን ወይም ተከታትለን በፈቃዱ ፈርሟል። «አይ ሀድ ሂም ሳይን» ካልን መፈረም የተለመደ ሥራው ስለሆነ ወይም የማዘዝ ሥልጣን ስላለን ፈርሟል። «አይ ሜድ ሂም ሳይን» ካልን ግን ሳይፈልግ አስገድደነዋል። በሥራ ክርክር፣ በኪራይ ውል ወይም በፍርድ ቤት ቃል ሲሰጥ «አስፈረምኩት» ለማለት ያሰበ ሰው በ«ሜድ» ቢናገር ያልፈጸመውን ማስገደድ በራሱ አንደበት አመነ ማለት ነው። አስተርጓሚዎችም እዚህ ላይ ቆም ብለው «እንዴት አስፈረሙት?» ብለው ቢጠይቁ እንጂ በግምት ባይመርጡ እመክራለሁ። በአጻጻፍም በኩል «ቱ» የምትገባው ከ«ጎት» ጋር ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል።

ችግር፦ «አለብኝ» እና «በቃሁ» ይቀላቀላሉ

«አይ ሀቭ ጎት ቱ ሲ ሂም» የሚለው «ላየው ይገባኛል» ማለት ሲሆን «አይ ጎት ቱ ሲ ሂም» የሚለው «እሱን ለማየት በቃሁ» ማለት ነው። አንዱ ግዴታን፣ ሌላው ዕድልንና ደስታን ይናገራል። ችግሩን የሚያባብሰው በፈጣን ንግግር «ሀቭ» ተውጣ መቅረቷ ነው፤ «አይ ጎት ቱ ጎ» ብሎ ኮቱን የሚያነሣ ሰው «መሄድ አለብኝ» ማለቱ ነው። ስለዚህ ጊዜውን ይመርምሩ፦ ነገሩ ገና የሚደረግ ከሆነ ግዴታ ነው፣ ተደርጎ ያለቀ ታሪክ ከሆነ ዕድል ነው።

በዚሁ አጋጣሚ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የሚሰሙትን «ጎተን» ማንሣት ይገባል። ቃሉ አሜሪካኖች የፈጠሩት አይደለም፤ ብሪታንያውያን በአብዛኛው የተዉት፣ አሜሪካኖች ግን ያቆዩት የቆየ ቅርጽ ነው። በአሜሪካ አነጋገር «አይ ሀቭ ጎት ኤ ካር» «መኪና አለኝ» ሲሆን «አይ ሀቭ ጎተን ኤ ካር» «መኪና ገዝቻለሁ» ወይም «አግኝቻለሁ» ይሆናል። ለብሪታንያ ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ በ«ጎት» ቢጸና ይሻለዋል።

ችግር፦ «ተጋባን» ሲባል «ዊዝ» ትገባለች

«ጌት» ተደራጊ ግስ ሲከተላት የ«ተ»ን ሥራ ትሠራለች፤ «ሂ ጎት ፋየርድ» «ተባረረ» ነው። ስለ ጋብቻ ሲነገር ግን «ከእሷ ጋር ተጋባሁ» ከሚለው የተነሣ በስሕተት «ጎት ሜሪድ ዊዝ» ይባላል። የሚገባው መስተዋድድ «ቱ» ነው።

ችግር፦ በእጅዎ ምንም ሳይኖር «አገኘኸው?» የተባሉ ይመስልዎታል

«ዲድ ዩ ጌት ኢት?» የሚል ሰው ማብራሪያ ሰጥቶ ከሆነ የሚጠይቀው «ገባህ?» ብሎ ነው። «አይ ዲድንት ጌት ዩር ኔም» ደግሞ «ስምዎን በደንብ አልሰማሁትም» ማለት ስለሆነ መልሱ ስምን ቀስ ብሎ መድገም ነው። ስልክ ሲጮኽ «አይ ዊል ጌት ኢት» ካሉ «እኔ አነሣዋለሁ»፣ በር ሲንኳኳ ከሆነ «እኔ እከፍታለሁ» ማለት ነው፤ ትርጉሙን የሚወስነው በዚያ ቅጽበት የተሰማው ድምፅ ነው። የሥራ ቃለ መጠይቅ ሲያበቃ የሚነገረው «ዊ ዊል ጌት ባክ ቱ ዩ» ደግሞ «ምላሹን እናሳውቅዎታለን» የሚል ነው፤ ተቀጥረዋል ማለት አይደለም፣ እዚያው ተቀምጠው ይጠብቁን ማለትም አይደለም።

ችግር፦ ደብዳቤው እንደ ወሬ፣ ወሬው እንደ ደብዳቤ ይሆናል

«ጌት» የንግግር ቃል ናት። በማመልከቻ ወይም በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ስትደጋገም መምህሩ ከሥሯ ያሰምርባታል፤ በዚያ ቦታ ለ«ተቀበልኩ» «ሪሲቭ»፣ ለ«ሆነ» «ቢካም»፣ ለ«ደረሰ» «አራይቭ» ይመረጣሉ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ከመጻሕፍት በእንግሊዝኛ የተከታተልን ብዙዎቻችን ግን የምንታመመው በተቃራኒው በሽታ ነው፤ ሱቅ ደርሰን ወተት ገዝተን ስንመለስ «አይ ኦብቴይንድ ሚልክ» እንላለን። ለዚህ ጊዜ «አይ ጎት ሚልክ» ከበቂ በላይ ነው።