ሐምሌ 1 ጁላይ 1 አይደለም

ደሴ ፒያሳ ቁጭ ብዬ የምተረጉመው በአብዛኛው የንግድ ወረቀት ነው፤ ውል፣ ፕሮፎርማ፣ የጨረታ ሰነድ። ከኮምቦልቻም ይመጣልኛል። ለጀማሪ የምለው አንድ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ከመንካታችሁ በፊት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስሙንና ብሩን አውጥታችሁ ለብቻ ጻፉ። እንግሊዝኛው እንደ ማር ቢጣፍጥም ደንበኛውን የሚያከስረው እዚህ ጋ ያለ ስህተት ነው።

የመጋዘን ኪራይ ውል እንውሰድ። «ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017» ይላል። በፈረንጁ ከጁላይ 8 ቀን 2024 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2025 ነው። ጁላይ 1 ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰውየውን የሰባት ቀን ኪራይ አስከፈላችሁት። ጳጉሜን 6 በሆነበት ዓመት ማግስት ደግሞ ተጠንቀቁ፤ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው፣ 11 አይደለም። ሰዓትም እንደዚያው። «ጨረታው ከጠዋቱ 4፡00 ይዘጋል» የሚለው ቁጥሩ ሳይቀየር ካለፈ፣ የውጭው ተጫራች ሌሊት አስር ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል።

ስም ላይ አትገምቱ፣ ፓስፖርት ወይም ንግድ ፈቃድ ጠይቁ። እኛ ወሎ ደግሞ መሐመድ የሌለበት ውል ብርቅ ነው፤ በእንግሊዝኛ አንዱ በ«o»፣ ሌላው በ«u» ያጽፈዋል። በአኃዝና በፊደል የተጻፈው ብር ካልተስማማ ራሳችሁ አታርሙ። እንዳለ ተርጉሙና ለደንበኛው ደውሉ።

ቅርጹ ላይ የሚያናድደኝ በስፔስ የተደረደረ ሠንጠረዥ ነው። አማርኛው ጥቅጥቅ ብሎ የገባበት ቦታ እንግሊዝኛውን አይችለውም፤ ረድፉ ይፈርሳል። ከመጀመሪያው እውነተኛ ሠንጠረዥ ሥሩ።

በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ከፍታችሁ ዝብርቅርቅ ምልክት ብታዩም አብሽሩ። ፎንቱን እንደ ኒያላ ወዳለ የዛሬ የአማርኛ ፎንት መቀየር ግን አያድነውም፤ ጽሑፉ ራሱ ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ዛሬ ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ ወደሚጠቀምበት የፊደል ኮድ፣ መለወጥ አለበት። ከተለወጠ በኋላ ፊደል በፊደል አንብቡት። አራት ነጥብን (።) በሁለት ኮለን (::) የሚጽፉም አሉ፤ እሱንም እዩት።

ማኅተሙን ቆርጣችሁ አትለጥፉ። ቦታው ላይ በቅንፍ «ክብ ማኅተም እና ፊርማ አለው» በሉ። ስታስረክቡ ፒዲኤፉንም ዎርዱንም ስጡ፤ ፒዲኤፉን መጀመሪያ በስልካችሁ ክፈቱት፣ ደንበኛው የሚያየው እዚያው ላይ ነውና።