ልጃቸው ኮሌጅ ለሚገባ ላቲኖ ጎረቤቶቻችሁ ይህችን ንገሯቸው

አሜሪካ ያላችሁ፣ ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ላቲኖ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ካላችሁ ይህችን አካፍሉልኝ (ለእኛም ቤት ትሠራለች)።

ዋናው ነገር ከኮሌጁ የሚላከው የእርዳታ ደብዳቤ ነው። አንዳንዱ ኮሌጅ ግራንቱንም (የማይመለሰውን ገንዘብ) ብድሩንም አንድ ላይ ደምሮ «ጠቅላላ እርዳታ» ብሎ ይጽፈዋል። ወላጅ ድምሩን አይቶ ደስ ይለዋል፤ ግማሹ ዕዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እስክሪብቶ ይዞ «ሎን» (ብድር) የሚል መስመር ሁሉ መሰረዝ፣ በወላጅ ስም የሚወሰደውንም ጨምሮ። «ወርክ ስተዲ» የሚለውም ይሰረዝ፤ እሱ ልጁ ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ ነው። የቀረውን ከዓመቱ ሙሉ ወጪ፣ ማለትም ከትምህርት፣ ከመኝታ፣ ከምግብና ከመጽሐፍ ላይ መቀነስ። ኮሌጅን ከኮሌጅ ማወዳደር በዚህ ቁጥር ነው። ስሙ የገነነው አንዳንዴ ከሰፈሩ ኮሌጅ ረክሶ ይገኛል።

የፋፍሳ ቅጽ (የፌዴራል መንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) በስፓኒሽም አለ። ወላጅ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖረውም ዜጋ የሆነ ልጅ ማመልከት ይችላል፤ ስለ ወረቀታቸው የሚሰጉ ግን ከመላካቸው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

አንድ ሌላ ነገር፦ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ሲያነጋግሩ ልጁ አያስተርጉም። የሕዝብ ትምህርት ቤት አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የራሱን ውጤት ለእናቱ ሲተረጉም የቱን እንደሚዘል መቼም ይገባችኋል።