ትንሽ ውሻ ቤታችሁ ስታስገቡ፦ አመጋገቧና አያያዟ ደረጃ በደረጃ

አብዛኞቻችን ያደግነው የግቢ ውሻ ባለበት ሰፈር ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል፣ ከገበታ የተረፈውን ይበላል። ትንሽ የቤት ውሻ ስንወስድም እጃችን ወደዚያው ልማድ ይሄዳል። እንጀራ ቆርሰን፣ ወጥ ነካ አድርገን እናጎርሳታለን። በፍቅር ነው የምናደርገው። ግን ትንሽ ውሻን ብዙ ጊዜ የሚያሳምማት ይኸው ጉርሻ ነው። 4 ኪሎ የምትመዝን ውሻ 60 ኪሎ ከሚመዝን ሰው 15 እጥፍ ታንሳለች። ለእኛ ምንም ያልሆነች ቁራሽ ለእሷ ብዙ ናት።

ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ ሰፊውን ቦታ ለምግብ ሰጥቻለሁ። ሌላውን በየተራው እናየዋለን።

1. ከመምጣቷ በፊት

ውሻዋን የሚሰጣችሁን ሰው በደንብ ጠይቁት። ምን ስትበላ ነበር? በቀን ስንት ጊዜ? የትኛውን ክትባት ወስዳለች? የሆድ ትል መድኃኒት መቼ ወሰደች? የክትባት ካርድ ካላት ተቀበሉ። ትበላው ከነበረው ምግብም ለጥቂት ቀን የሚሆን ለምኑ። ቡችላ ከሆነች 8 ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ አትለዩአት።

ከዚያ ቤታችሁን በእሷ ቁመት እዩት። ቁጢጥ ብላችሁ ዙሩ። የአይጥ መርዝ ካስቀመጣችሁ አንሱ፣ የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ገመድ ሰብስቡ፣ መድኃኒት ያለበትን ቦርሳ ከወለል ላይ አንሱ። የግቢውን በር ሥርም እዩ። ለትልቅ ውሻ የማይበቃ ክፍተት ለእሷ መውጫ ነው። ጡብ ወይም ጣውላ አድርጉበት።

መኝታዋን ሰው ከማይበዛበት ጥግ አዘጋጁ። ሴራሚክና ሊሾ ስለሚቀዘቅዝ ካርቶን አንጥፋችሁ ላዩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ጣል አድርጉ። ለእግር መንገድ ደግሞ ከአንገት ይልቅ ደረቷ ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ግዙ። የትንንሽ ውሾች የአየር ቧንቧ ስስ ነው። አንገት ላይ በታሰረ ቀበቶ በተጎተቱ ቁጥር ይጎዳል።

2. የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ውሻ የሚያሳድጉ ሰዎች 3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር የሚሉት መለኪያ አላቸው። በ3 ቀን ድንጋጤዋ ይበርዳል፣ በ3 ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ትለምዳለች፣ በ3 ወር ቤቴ ነው ትላለች። ሁሉም ውሻ እኩል አይደለም፤ ቢሆንም መጠበቅ ያለባችሁን ያህል ይነግራችኋል።

በመጀመሪያው ቀን ጎረቤት ጠርታችሁ አታሳዩአት። ልጆች ካሉ እንዳያቅፏት፣ እሷ እስክትመጣ ወለል ላይ ቁጭ ብለው እንዲጠብቁ ንገሯቸው። አልጋ ሥር ከገባች አትጎትቷት፤ ውሃ አቅርቡላትና ተዉአት። የመጀመሪያውን ቀን ምግብ እምቢ ማለት ላደገች ውሻ ያጋጥማል። ለቡችላ ግን አይደለም፤ ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ። ማታ ካለቀሰች መኝታዋን ወደ እናንተ ክፍል አምጡት። ትቅበጥ ማለት አይደለም፤ ብቻዋን አድራ ስለማታውቅ ነው።

ግቢ ውስጥ ሌላ ውሻ ካለ መጀመሪያ የሚተዋወቁት ከግቢ ውጪ፣ ሁለቱም ታስረው፣ ሁለት ሰው ይዟቸው ይሁን። የግቢው ውሻ ግቢውን የራሱ አድርጎ ነው የሚያየው። ምግባቸውን ለብዙ ሳምንት ለየብቻ አድርጉ።

ለመጸዳዳት ደግሞ ከእንቅልፍ ስትነሳ፣ ከበላች ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥና ከመተኛቷ በፊት ወደ አንድ ቦታ አውጧት። እዚያ ስትጨርስ ወዲያው «ጎበዝ!» በሏት፣ ትንሽ ነገር አቅምሷት። ቤት ውስጥ ካመለጣት ዝም ብላችሁ አጽዱ። አፍንጫዋን ሽንቷ ላይ ማሸት የሚያስተምራት ነገር ቢኖር እናንተን መፍራት ብቻ ነው።

3. ምን፣ ምን ያህል፣ ስንት ጊዜ

መሠረቱ ለትናንሽ ውሾች የተዘጋጀ ደረቅ የውሻ ምግብ ቢሆን ይሻላል። ቡችላ ከሆነች ማሸጊያው ላይ ለቡችላ የሚል ይኑርበት። ይህን የምለው የቤት ምግብ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ሥጋ ብቻ ወይም ሩዝና ሥጋ ብቻ የምትበላ ቡችላ ካልሲየም ስለሚያንሳት አጥንቷ ይሳሳል፣ እግሯ ይጎብጣል። ሥጋ እየበላች እንዴት ትጎዳለች ብሎ የሚገረም ሰው ብዙ ነው። ሥጋ ካልሲየም የለውም ለማለት ይቀላል። ሙሉ በሙሉ የቤት ምግብ መስጠት ከፈለጋችሁ ከእንስሳት ሐኪም ጋር ተመካክራችሁ ማሟያ ጨምሩበት።

መጠኑን እንዲህ አስቡት። 4 ኪሎ የምትመዝን፣ እንዳትወልድ የተደረገች፣ ዕድገቷን የጨረሰች ውሻ በቀን ወደ 300 ካሎሪ ይበቃታል። ብዙው ደረቅ ምግብ በ100 ግራም ከ350 እስከ 400 ካሎሪ አለው። ስለዚህ በቀን ከ75 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። በጣም ትንሽ ይመስላል፤ እሷም ትንሽ ናት። በማደግ ላይ ያለች ቡችላ ለኪሎዋ ከዚህ እስከ እጥፍ ሊያስፈልጋት ይችላል። ማሸጊያው ጀርባ ላይ ያለው ሠንጠረዥ መነሻ ይሁናችሁ።

በዓይን ግምት አትስጡ። የኩሽና ሚዛን ከሌላችሁ ሰፈር ያለው ባለሱቅ ጋ ሄዳችሁ የቀኑን መጠን አንዴ አስመዝኑ። ቤት አምጥታችሁ ብርጭቆ ውስጥ ገልብጡትና የደረሰበት ላይ በማርከር መስመር አስምሩ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ቢያበላት በዚያው መስመር ይሰፍራል። ምግቡን ከቀየራችሁ መስመሩም እንደ አዲስ ይሠመር፤ የአንዱ ምግብ ክብደት ከሌላው ይለያል።

ስንት ጊዜ? እስከ 4 ወር ዕድሜ በቀን 4 ጊዜ፣ ከዚያ እስከ 6 ወር 3 ጊዜ፣ ካደገች በኋላ 2 ጊዜ። ይህ ለትንሽ ቡችላ የሞት ሽረት ነገር ነው። ለረጅም ሰዓት ካልበላች በደሟ ያለው ስኳር በፍጥነት ይወርዳል። ትንገዳገዳለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ አንገቷን መያዝ ያቅታታል። ያኔ ጣታችሁን ማር ነክራችሁ ድዷን እሹት። አፏ ውስጥ ውሃም ሆነ ወተት አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባዋ ይገባል። በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ቀጥታ ወደ ሐኪም ውሰዷት።

ምግብ የምትቀይሩ ከሆነ በ7 ቀን ውስጥ ቀስ እያላችሁ ቀይሩ። መጀመሪያ ሦስት እጅ የድሮው፣ አንድ እጅ አዲሱ። ከሁለት ቀን በኋላ እኩል በእኩል። ከዚያ አዲሱ ይብዛ። በአንድ ቀን ከቀየራችሁ ተቅማጥ ይመጣባታል፤ እናንተም በሽታ ነው ብላችሁ ትጨነቃላችሁ። የላም ወተት ለመስጠትም አትቸኩሉ፤ ጡት የጣሉ ብዙ ውሾች ሆዳቸው አይችለውም።

ለማበረታቻና ለማቅመሻ የሚሰጥ ነገር ከቀን ምግቧ ከአሥር እጅ አንዱን አይለፍ። የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ ያለ አጥንት፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ካሮት፣ ዱባ ይሆናሉ። ጨውም ቅቤም በርበሬም አይግባበት። ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ አጠገቧ ይኑር።

4. ወጥ ለምን አይሰጥም

ብዙ ሰው በርበሬውን ብቻ ነው የሚፈራው። ዋናው ጠላት ግን ሽንኩርቱ ነው። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ባሮ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይሰብራሉ። ቢበስልም መርዝነቱ አይጠፋም። የኛ ወጥ ደግሞ ከሽንኩርት ነው የሚጀምረው፤ ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ቅቅሉም። ለ4 ኪሎ ውሻ ወደ 60 ግራም ቀይ ሽንኩርት፣ ማለትም አንድ ትንሽ ራስ፣ ለጉዳት ይበቃል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መስጠትም ይጠራቀማል። ምልክቱ ወዲያው ስለማይታይ ሰው ከወጡ ጋር አያገናኘውም። ከጥቂት ቀን በኋላ ትደክማለች፣ ድዷ ይነጣል፣ ሽንቷ ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል።

ከዚህ ሌላ ቸኮሌት፣ ቡና፣ ወይን ፍሬና ዘቢብ፣ አልኮል፣ እንዲሁም ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ያለበት ስኳር የለሽ ማስቲካ ፈጽሞ አይሰጡ። ማስቲካው በትንሹም ቢሆን ስኳሯን አውርዶ ሊገድላት ይችላል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ይህን ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ። ቤት ውስጥ የምታግዛችሁ ልጅ ካለች፣ አያት ካሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ እንግዳ ካለ ሁሉም ይወቅ። እናንተ ተጠንቅቃችሁ እማማ በጠረጴዛው ሥር ካጎረሷት ድካማችሁ ከንቱ ነው። «ሐኪሙ ከልክሏል» በሏቸው፤ ይህ ቃል ይሰማል።

5. በዓልና ጾም

ፋሲካና ገና ለትንሽ ውሻ ከባድ ቀናት ናቸው። የዶሮ አጥንት በየቦታው ነው፣ ወጡ ሽንኩርት በሽንኩርት ነው፣ ጮማውና ቅቤው ደግሞ ቆሽቷን ያስቆጣል። ብዙ ስብ በአንዴ የበላች ውሻ ደጋግማ ታስመልሳለች፣ ሆዷን ስለሚያማት ትጎብጣለች። ያ ለሐኪም የሚያሮጥ ነው።

ከሁሉም የከፋው በግ ሲታረድ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር ነው። ሆድ ዕቃው ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ውስጡ ያለው ኤኪኖኮከስ የሚባል የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል እጭ ነው። ውሻዋ ስትበላው አንጀቷ ውስጥ ያድጋል፤ እሷ ላትታመም ትችላለች። እንቁላሉ ግን በሰገራዋ ይወጣል፣ ጸጉሯ ላይ ይጣበቃል፣ ከልጆች እጅ ወደ አፍ ይገባል። ሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያንኑ እባጭ ያበጃል፤ አንዳንዴ በቀዶ ጥገና ነው የሚወጣው። እባጭ ያለበትን ሆድ ዕቃ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ከልጆች ጋር አብራ የምትተኛ ውሻ ያለችው ሰው ይህን ቸል ሊል አይገባም።

ጾም ሌላ ጥያቄ ያመጣል። በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ቤት ውስጥ ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም። ውሻ ግን አትጾምም፤ በሽሮ ልትከርም አትችልም። ሁዳዴ ሳይገባ በቂ ደረቅ ምግብ ግዙ። ዶሮ ቀቅላችሁ በየቀኑ ልክ በትንንሽ ፌስታል አድርጋችሁ በረዶ ቤት አስቀምጡ። ፍስክ እንዳይነካካ የሚጠነቀቅ ሰው ካለ ለእሷ የተለየ ትንሽ ድስት፣ ቢላና ማንኪያ ይኑራት። ይህ ሲሆን ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ አይኖርም።

6. ክትባትና የትል መድኃኒት

በመጀመሪያው ሳምንት ሐኪም ይያት። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ድረስ የሚመጡ የእንስሳት ሐኪሞች አሉ፤ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው።

የፓርቮና የዲስቴምፐር (ቡችላን የሚገድሉ ሁለት የቫይረስ በሽታዎች) ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ይጀመራል፣ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይሄዳል። ይህ ሳያልቅ መንገድ ላይ አታስሩጧት። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ላይ ለወራት ይቆያል፤ የቡችላ አንጀት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ ፈጣን ነው። የትል መድኃኒት ለቡችላ እስከ 3 ወር በየ2 ሳምንቱ፣ እስከ 6 ወር በየወሩ፣ ከዚያ በየ3 ወሩ ነው። መጠኑ በኪሎ ስለሚሰላ ለበግ የተረፈውን ኪኒን ከፍላችሁ አትስጧት።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት 3 ወር ሲሞላት ትከተብ፣ በየዓመቱም ይታደስላት። «ከቤት አትወጣም» ማለት ምክንያት አይሆንም። አንዴ ምልክቱ ከታየ በሽታው ሰውንም እንስሳንም ይገድላል። ማንኛውም ያልታወቀ ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ሌላው ነገር ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደረግ።

7. ጥርስ፣ ጥፍር፣ ቁንጫ

ትንንሽ ውሾች አፋቸው ጠባብ ስለሆነ ጥርሳቸው ይጨናነቃል፣ ድዳቸው ቶሎ ይታመማል። በለስላሳ የሕፃን ብሩሽና በውሻ የጥርስ ሳሙና አጽዱላት። የሰው የጥርስ ሳሙና አይሆንም፤ እሷ ትውጠዋለች። ጥፍሯ ወለል ላይ ስትሄድ ቀጭ ቀጭ ካለ መቆረጫው ደርሷል። ገላዋን በወር አንዴ በውሻ ሻምፑ ማጠብ ይበቃል።

ቁንጫ ወይም መዥገር አየሁ ብላችሁ ፍሊት ወይም ነጭ ጋዝ እንዳታፈሱባት። ቆዳዋ ይመጠዋል፣ ስትልሰውም ትመረዛለች። በኪሎዋ ልክ የሚሰጥ መድኃኒት ሐኪሙ ያዝላችኋል።

በወር አንዴ መዝኗት። አቅፋችኋት ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን ውጡና ቀንሱ። መዳፋችሁን ጎኗ ላይ ስታሳርፉ የጎድን አጥንቷ ሳትጫኑ ሊሰማችሁ ይገባል። ካልተሰማችሁ የብርጭቆውን መስመር ትንሽ ዝቅ አድርጉት።

ደጋግማ ካስመለሰች፣ ደም ያለበት ተቅማጥ ካያችሁ፣ ድዷ ከነጣ፣ መተንፈስ ካቃታት ወይም ቡችላ ሆና ግማሽ ቀን ምግብ ካልነካች ነገ አትበሉ። ሐኪም እስክታገኙ ድረስም ፓራሲታሞልም ሆነ አይቡፕሮፌን አትስጧት፤ ለእኛ የሚያስታግሰው ኪኒን ለእሷ መርዝ ነው።