ሁለት ፕሮግራሞች የሚጋሩትን ግዙፍ ፋይል እንዴት መቆለፍ ይቻላል?

በዲማ ጊዮርጊስ፣ በዋሸራ ወይም በደብረ ኤልያስ ቅኔ ሲዘረፍ ድምፁን ቀርጾ የሚያከማች ሰው ፈጥኖ የሚገጥመው የፋይል መጠን ነው። በሴኮንድ 44,100 ናሙና፣ በ16 ቢት፣ በአንድ ቻናል የሚቀረጽ ያልታመቀ ድምፅ በየሴኮንዱ 88,200 ባይት ይይዛል። 32 ቢት የሆነ የፋይል ቦታ ቆጣሪ (በፋይሉ ውስጥ ስንተኛው ባይት ላይ እንዳሉ የሚይዘው ቁጥር) ከ2,147,483,647 ባይት በላይ አያልፍም። ይህ ሲሰላ 6 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ቀረጻ ነው፤ የአንድ ጉባኤ ቤት ጥቂት ውሎ ይሞላዋል። በዚያ ላይ አንዱ ፕሮግራም አዲስ ቀረጻ ሲጨምር ሌላው የቆየውን እያዳመጠ ይገለብጣል፤ እንዳይጋጩ እያንዳንዱ የሚሠራበትን ክፍል መቆለፍ አለበት። ሁለቱን ችግሮች በሊኑክስ ላይ፣ በሲ ቋንቋ፣ አንድ ላይ እንፍታቸው። ለየብቻ መፍታት አይቻልም፤ ቁልፉም የሚለካው በዚያው ቆጣሪ ነውና።

መጀመሪያ ቆጣሪውን ያስፉ። የኮምፒውተሩ ሲስተም 64 ቢት ከሆነ ይህ አስቀድሞ የተደረገ ነው። በአሮጌ 32 ቢት ማሽን ላይ ግን «ፋይል ኦፍሴት ቢትስ» (_FILE_OFFSET_BITS) የተባለውን ማክሮ፣ ማለትም ለኮዱ የሚሰጠውን ቅንብር፣ 64 ብለው መሰየም አለብዎት፤ ይህም ከማንኛውም ሄደር ፋይል (በኮዱ አናት ከሚጠራ የመግለጫ ፋይል) በፊት መሆን አለበት። በኮዱ ውስጥ ከመጻፍ ይልቅ በኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚተረጉመው ፕሮግራም) ትእዛዝ ላይ ቢያስገቡት ይሻላል። ምክንያቱም አንዱ የኮድ ፋይል በ64፣ ሌላው በ32 ቢት ከተዘጋጀ ሁለቱ አንድን ስትራክት (በአንድ ስም የታሰረ የመረጃ ስብስብ) በተለያየ ስፋት ያነቡታል፤ ኮምፓይለሩም ምንም ሳይል ያልፈዋል። ከዚያ ቆጣሪው የሚጻፍበት «ኦፍ-ቲ» የተባለው የቁጥር ዓይነት ስፋቱ 8 ባይት መሆኑን አትመው ያረጋግጡ።

በፋይሉ ውስጥ ለመዘዋወር «ኤፍ-ሲክ»ን ትተው «ኤፍ-ሲክ-ኦ»ን ይጠቀሙ። የመጀመሪያው ቦታውን በ«ሎንግ» (በ32 ቢት ማሽን ላይ 32 ቢት በሆነ የቁጥር ዓይነት) ስለሚቀበል በ32 ቢት ማሽን ላይ ማክሮው አያድነውም።

አሁን ወደ ቁልፉ። «ኤፍ-ሲ-ኤን-ቲ-ኤል» የተባለው ጥሪ አንድን የባይት ክልል ይቆልፋል። በ«ፍሎክ» ስትራክት ውስጥ የቁልፉን ዓይነት፣ መነሻውንና ርዝመቱን ይሞላሉ። የንባብ ቁልፍን ብዙዎች በአንድ ጊዜ ይይዙታል፤ የጽሕፈት ቁልፍ ግን የአንድ ብቻ ነው። አዳማጩ የሚገለብጠውን ቅኔ ክልል ብቻ በንባብ ቁልፍ ይያዝ። ጨማሪው መነሻውን «ከፋይሉ መጨረሻ»፣ ርዝመቱን 0 አድርጎ በጽሕፈት ቁልፍ ይያዝ፤ 0 ማለት ፋይሉ እስካደገበት ድረስ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ሁለቱ አይነካኩም። ሌላ ጨማሪ ቀድሞ ከያዘ፣ ተራ የሚጠብቀውን የጥሪ ዓይነት ይምረጡ። ቁልፉ ሲደርስዎት የፋይሉን መጨረሻ እንደገና ይፈልጉ፤ ሲጠብቁ ሳሉ ርቆ ሊሆን ይችላል። ቅኔው እየተዘረፈ ሳለ ቁልፍ መያዝ ደግሞ አግባብ አይደለም፦ በጊዜያዊ ፋይል ቀርጸው ሲያበቁ ቆልፈው ይጨምሩ፣ በ«ኤፍ-ፍላሽ» ያልተጻፈውን አስወጥተው ይፍቱ። ቅደም ተከተሉን ቢያዛቡ ቁልፉ ከተፈታ በኋላ ነው ባይቱ የሚጻፈው።

ይህ ቁልፍ የስምምነት ቁልፍ መሆኑን አይርሱ። ለግጦሽ እንደተከለከለ ሣር ነው፤ ክልከላውን የማያከብር ከብቱን ነድቶ ይገባል። ሳይጠይቅ የሚጽፍ ፕሮግራምን ሲስተሙ አይከለክለውም።

ከሁሉ የከፋው ሕግ ግን ይህ ነው፦ አንድ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ያንኑ ፋይል ሁለት ጊዜ ከፍቶ አንዱን ቢዘጋ፣ በዚያ ፋይል ላይ የያዛቸው ቁልፎች በሙሉ ይፈታሉ። መጠን ለማየት ብቻ ፋይሉን ከፍቶ የሚዘጋ አንድ የላይብረሪ ተግባር በቂ ነው። ማን እንዲህ ያለ ነገር እንደሚፈልግ አይገባኝም። ከሊኑክስ 3.15፣ ማለትም ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቁልፉ ከፕሮሰሱ ጋር ሳይሆን ከተከፈተው ፋይል ጋር የሚታሰርበት ዓይነት አለ፤ አዲስ ኮድ ሲጽፉ እርሱን ይምረጡ። ከመጠራቱ በፊት በስትራክቱ ውስጥ የፕሮሰስ መለያ ቁጥሩ 0 መሆን አለበት፤ አለዚያ ስሕተት ይመልሳል።

ሥራውን ለመፈተሽ የ3 ጊጋባይት ባዶ ፋይል ይፍጠሩ፤ ከ2 ጊጋባይት ማዶ ያለ ክልል በአንድ መስኮት ቆልፈው በሌላ መስኮት ይሞክሩት። ክምችቱን በፍላሽ ሲወስዱ ደግሞ የፍላሹን ፎርማት (ፋይሎች የሚደራጁበትን ስልት) ይመልከቱ፦ ፋት32 የተባለው ከሆነ አንድ ፋይል ከ4,294,967,295 ባይት አያልፍም፤ ኮድዎ የቱንም ያህል ቢስተካከል።