ስፒናው የመጨረሻ ሥራ ነው

ከውጭ የመጣ ትልቅ ዕቃ ቤት ገባ እንበል። ምድጃ ይሁን፣ ልብስ ማድረቂያ ይሁን፣ ውሃ ማሞቂያ ይሁን። ካርቶኑ ተቀደደ፣ ገመዱ ተዘረጋ፣ ስፒናው ግን ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ጋር አልገጥም አለ። እዚህ ጋ ሁሉም ሰው የሚታየው አንድ ነገር ነው፤ ይቆረጥና ሌላ ስፒና ይታሰርለት።

እኔም እንዲሁ ብዬ የሰው ዕቃ አቃጥያለሁ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ልብስ ማድረቂያ ነበር። ጀርባው ላይ የተለጠፈው የመረጃ ሰሌዳ 240 ቮልት ይላል፣ ግድግዳው 230 ይሰጣል፣ አሥር ቮልት ምን ያመጣል ብዬ ወፍራሙን ስፒና ቆረጥኩት። ከገመዱ አራት ሽቦ ወጣ፤ ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭና አረንጓዴ። አዲሱ ስፒና ደግሞ ሦስት ማሰሪያ ብቻ ነው ያለው። የተረፈችኝን ነጯን ከቀዩ ጋር ጠምዝዤ ኒውትራል (የኮረንቲው መመለሻ) ላይ አሰርኳት። ማድረቂያው እያጓራ አንድ ሁለት ደቂቃ ዞረ፣ ከዚያ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሞተሩ አለቀለት። ሰሌዳውን ረጋ ብዬ አይቼው ቢሆን ኖሮ ከ240 አጠገብ ሌላ ቁጥር ነበረች። 120/240 ነበር የሚለው።

ስለዚህ ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት ሰሌዳውን አንብቡ። ጀርባው ላይ፣ በሩ ጠርዝ ላይ ወይም ሥሩ ተለጥፎ ይገኛል። አንገታችሁን አትስበሩ፣ ስልካችሁን አስገብታችሁ ፎቶ አንሱት። የምትፈልጉት ቮልቱን፣ ኸርዙን (ኮረንቲው በሰከንድ ስንት ዙር እንደሚመላለስ) እና ዋቱን ወይም አምፒሩን ነው።

ቮልቱ 220-240 ብቻ የሚል ከሆነና የቤታችሁ ኮረንቲም እዚያው መሀል ከሆነ ተገላገላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚለየው የስፒናው ቅርጽ ነው።

120/240 የሚል ከሆነ ግን ዕቃው ሁለት ዓይነት ቮልት ነው የሚጠብቀው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ቤት የሚገባው ሁለት ፌዝ፣ ማለትም ኮረንቲ ያለባቸው ሁለት ሽቦዎች፣ እና አንድ ኒውትራል ነው። ከፌዝ ወደ ፌዝ ስትለኩ 240 ታገኛላችሁ፣ ከአንዱ ፌዝ ወደ ኒውትራል ስትለኩ 120። ማድረቂያው ማሞቂያውን በ240 ይሠራል፣ ሞተሩን፣ ሰዓቱንና አምፖሉን ደግሞ በ120። የ230 ሶኬት ላይ ያለው አንድ ፌዝና አንድ ኒውትራል ነው፤ መሀል ላይ 120 የሚባል ነገር የለም። እኔ ነጯን ከቀዩ ጋር ስጠመዝዛት ለ120 የተሠራውን ሞተር 230 አጠጣሁት ማለት ነው። መፍትሔ የለውም አይባልም። መውጫው መሀል ላይ ኒውትራል ያለው፣ በሁለቱም በኩል ወደ 120 የሚሰጥ ትልቅ ትራንስፎርመር ያሠራዋል። ግን 5400 ዋት የሚበላ ማድረቂያ በ240 ቮልት ከ22 አምፒር በላይ ይስባል፣ ተራ የቤት ሶኬት ደግሞ ቢበዛ 16 ነው። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ሽጡት።

በአሜሪካ ምድጃና ማድረቂያ ላይ ሌላ ወጥመድም አለ። የጀርባውን ክዳን ስትከፍቱ ኒውትራሉን ከዕቃው የብረት አካል ጋር የሚያገናኝ አጭር ሽቦ ወይም የብረት ቁራጭ ልታገኙ ትችላላችሁ። በድሮው ባለሦስት እግር ስፒና ጊዜ አካሉ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወስደው የመከላከያ መንገድ) የሚያገኘው በእሷ በኩል ነበር። ከ1996 ጀምሮ የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ደንብ ለአዲስ መስመር አራት ሽቦ ይጠይቃል። በባለአራት ሽቦ ገመድ ስትቀይሩት ያቺ ማገናኛ መነሳት አለባት። ከረሳችኋት የኧርዙ ሽቦም የኒውትራሉን ኮረንቲ ይሸከማል፤ አንድ ቀን ኒውትራሉም ኧርዙም ከላሉ፣ የዕቃው በር ራሱ ኮረንቲ ይዞ ይጠብቃችኋል።

በተቃራኒው ለ230 የተሠራ ዕቃ ወደ ሰሜን አሜሪካ ሲሄድ ነገሩ ቀላል ነው። ከዕቃው ገመድ ቡናማው ሽቦ ወደ አንዱ ፌዝ፣ ሰማያዊው ወደ ሌላው ፌዝ፣ አረንጓዴ-ቢጫው ወደ ኧርዝ ይሄዳል። ኒውትራል አያስፈልግም። ሶኬቱ ለ240 የተሠራው፣ በአሜሪካ የሶኬት ደረጃ ኔማ 6-15 ወይም 6-20 የሚባለው መሆን አለበት፣ ብሬከሩም (የመስመሩ አውቶማቲክ ማጥፊያ) ሁለቱንም ፌዝ አንድ ላይ የሚቆርጥ። ያንን መስመር ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይዘርጋላችሁ። ከሁለት ተራ ሶኬት አንድ አንድ ፌዝ ስቦ 240 መሥራት የሚባለውን ብልሃት ግን አትሞክሩት፤ አንዱን ነቅላችሁ ሌላውን ስትረሱ በእጃችሁ የያዛችሁት ስፒና እግሩ ላይ ኮረንቲ ይዞ ሊቀር ይችላል። ደግሞ አስታውሱ፣ ሰማያዊው ሽቦ አሁን ፌዝ ነው። የዕቃው ማብሪያ ማጥፊያ አንዱን ሽቦ ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ፣ ጠፍቶ እያለም ውስጡ ኮረንቲ አለ። ክዳን ከመክፈታችሁ በፊት ሁልጊዜ ከሶኬቱ ንቀሉት።

ለ120 ብቻ የተሠራ ማሞቂያን 230 ላይ መሰካት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ቮልቱ እጥፍ ሊሆን ሲቃረብ ዋቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፣ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። የ1000 ዋቱ ማሞቂያ ከ3600 በላይ ልስጥ ይልና ይበጠሳል። የ230ው 120 ላይ ሲሰካ ደግሞ ከሩብ ትንሽ በለጥ ያለ ሙቀት ይሰጣል፤ ውሃው ለብ እስኪል ትሰለቻላችሁ እንጂ ዕቃው አይጎዳም።

ኸርዙን ብዙ ሰው አያየውም። ማሞቂያና ተራ አምፖል ግድ የላቸውም። ግድ የሚለው ሞተር ነው። 60 ኸርዝ ብቻ የተጻፈበት ተራ ሞተር 50 ላይ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፣ ይባስ ብሎ ከልክ በላይ ይሞቃል። ትራንስፎርመር ቮልት ይቀይራል እንጂ ኸርዝ አይቀይርም። አንዳንድ የምድጃ ሰዓትም የሚቆጥረው የኮረንቲውን ኸርዝ ስለሆነ፣ የ60ው 50 ላይ በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል። እሱስ ችግር የለውም፣ ሰዓት ከሌላ ቦታ ይታያል። 50/60 የሚል ሰሌዳ ካያችሁ ይህን አንቀጽ እርሱት።

ሰሌዳው ላይ 400 ቮልት ካያችሁ ወዲያው አትደንግጡ። የአውሮፓ ትልልቅ ምድጃዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ፌዝ 230ም ሆነ በሦስት ፌዝ 400 እንዲታሰሩ ሆነው ነው የሚመጡት። ከጀርባ ያለችውን ትንሽ ክዳን ስትከፍቱ በተርታ የተቀመጡ ብሎኖች ታያላችሁ፤ 1፣ 2፣ 3 የሚሉት ለፌዝ፣ 4 እና 5 የሚሉት ብዙውን ጊዜ ለኒውትራል። አጠገባቸው ትንንሽ የናስ ማገናኛዎች አሉ፣ ክዳኑ ላይ ወይም ሥሩ ደግሞ ሥዕል ተለጥፏል። በአንድ ፌዝ 230 ከሆነ ማገናኛዎቹ 1ን፣ 2ንና 3ን አንድ ያደርጓቸዋል። በሦስት ፌዝ ከሆነ ይነሳሉ፣ እያንዳንዱ የራሱን ፌዝ ይይዛል። የሥራው ዋና ነገር እነዚህን ሁለት ሦስት ቁራጭ ናሶች በሥዕሉ መሠረት ማዘዋወር ነው። ከእኔም ሆነ ከሌላ ሰው ቃል ይልቅ ዕቃው ላይ ያለውን ሥዕል እመኑ፤ ፋብሪካው እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ብቻ 7200 ዋት የሚል ምድጃ በአንድ ፌዝ 31 አምፒር ይጠጋል። ይሄ የስፒና ጉዳይ አይደለም። የራሱ ብሬከር፣ የራሱ ወፍራም ገመድ ይፈልጋል፣ እሱም የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው።

ሒሳቡ ይኸው ነው፤ ዋቱን ለቮልቱ አካፍሉት፣ አምፒሩ ይወጣል። 16 አምፒር ሶኬት በ230 እስከ 3680 ዋት ይይዛል። 13 አምፒር ፊውዝ ያለው የእንግሊዝ ስፒና እስከ 3000 ገደማ። እዚያው ጠርዝ ላይ ለሰዓታት የሚሠራ ዕቃ ሶኬቱን ያሞቀዋልና ትንሽ ትርፍ ተዉለት።

ይሄ ሁሉ ተጣርቶ የቀረው የስፒና ቅርጽ ብቻ ከሆነ አሁን ወደ እጅ ሥራው።

ዕቃውን ንቀሉ። መጀመሪያ ገመዱን እዩት፤ ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ለአምፒሩ ከቀጠነ አዲስ ስፒና አታባክኑበት፣ ገመዱም ይቀየር። ለሚሞቅ ዕቃ ደግሞ ሙቀት የሚችል የጎማ ወይም የሲሊኮን ሽፋን ያለው ነው የሚሆነው። የውጭውን ሽፋን ስትገፉ በምላጩ አትጫኑት፣ ዙሪያውን ጫር አድርጋችሁ እጥፍ ስታደርጉት በራሱ ይሰነጠቃል። የውስጦቹን ሽቦዎች ሽፋን አንድ በአንድ ፈትሹ፣ ትንሽ ጭረት ካለ ቆርጣችሁ እንደገና ጀምሩ።

አሁን ሦስቱን ሽቦዎች እኩል አትቁረጡ። ኧርዙ ከሁለቱ ረዘም ይበል። ገመዱ ድንገት ተጎትቶ ከስፒናው ቢወጣ፣ መጨረሻ የሚበጠሰው ኧርዙ እንዲሆን ነው። የተራቆተው ጫፍ ለማሰሪያው የሚበቃውን ያህል ብቻ ይሁን፣ ከማሰሪያው ውጭ ራቁት መዳብ አይታይ። ቀጫጭኖቹን ክሮች ጠምዝዟቸው፣ ወይም ጫፉ ላይ የምትጨመቅ ትንሽ የብረት ቱቦ አድርጉላቸው። ሶልደር (ቀልጦ የሚያጣብቅ ለስላሳ ብረት) ግን አታድርጉ። ጥሩ መስሎ ይታያል፣ ግን ሶልደር በብሎን ጫና ቀስ እያለ ይጨፈለቃል፣ ብሎኑ ይላላል፣ የላላ ብሎን ይሞቃል።

ቀለሙን ብቻ አትመኑ። በአሜሪካ ገመድ ጥቁር ፌዝ ነው፣ በድሮ የእንግሊዝ ገመድ ጥቁር ኒውትራል ነበር። ሽቦው ዕቃው ውስጥ የት እንደታሰረ ከፍታችሁ እዩ፤ ኤል ፌዝ፣ ኤን ኒውትራል ነው። ብሎኖቹን አጥብቁ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ አድርጉት። የገመድ መያዣው መንከስ ያለበት የውጭውን ወፍራም ሽፋን ነው። ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች ነክሶ ካያችሁ ፍቱና ድገሙት፣ ናስትሮ ጠቅልሎ ማለፍ የለም።

ከመሰካታችሁ በፊት መልቲሜትር አንሱ። ከኧርዙ እግር ወደ ዕቃው ራቁት ብረት ስትለኩ ዜሮ ሊሆን የቀረበ ነገር ማሳየት አለበት፤ ከአንድ ኦም በታች። ቀለም የተቀባ ቦታ ላይ ከለካችሁ ምንም አያሳይም፣ ብሎን ላይ ለኩት። ከዚያ ማብሪያውን አብርታችሁ በፌዝና በኒውትራል እግሮች መካከል ለኩ። የ2000 ዋት ማሞቂያ 26 ኦም ገደማ ያሳያል፣ የ3000ው ወደ 18። ዜሮ ካሳየ ሾርት አለ፣ አትሰኩት። ከፌዝ ወደ ኧርዝ፣ ከኒውትራልም ወደ ኧርዝ ምንም ንባብ መኖር የለበትም። ሶኬቱ ላይ ኧርዝ መኖሩንም አረጋግጡ፤ ቀዳዳው ስላለ ሽቦው አለ ማለት አይደለም። 30 ሚሊ አምፒር ሲያመልጥ የሚቆርጠው መከላከያ በመስመሩ ላይ ካለ በጣም ጥሩ።

መጀመሪያ ስታበሩት አጠገቡ ቁሙ። ግማሽ ሰዓት በሙሉ ኃይሉ ይሥራ፣ ከዚያ አጥፉት፣ ንቀሉትና ወዲያው የስፒናውን ፕላስቲክ በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ለብ ቢል ደህና ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ አንድ ብሎን ላልቷል ወይም የሶኬቱ መንከሻ ደክሟል። ብሎኖቹን እንደገና አጥብቃችሁም ያው ከሆነ የሚቀየረው ሶኬቱ ነው።