ፍቅር ሞልቷል፣ ቡድን ግን ይቸግራል፦ ፊሊፒንስ በቅርጫት ኳስ ላይ ልትተዋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዱባይ ስሠራ ዓርብ ጠዋት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ የኳስ ድምፅ ነበር። ከሕንፃችን ጀርባ ባዶ የመኪና ማቆሚያ አለ። ፊሊፒኖች ጎማ ያለው አንድ ቅርጫት እየገፉ ያመጡና ፀሐዩ ሳይበረታ ይጫወታሉ። ግማሾቹ ስኒከር፣ ግማሾቹ ነጠላ ጫማ ነው ያደረጉት። ሌሊቱን ሆቴል ሲሠራ ያደረ ሰውዬ የሥራ ልብሱን ሳይቀይር ገብቶ ሲጫወት አይቻለሁ። ዓረብ አገር የኖረ ሐበሻ ይሄን ትዕይንት ያውቀዋል።

ኩያን የተዋወቅሁት እዚያ ነው። ኩያ በነሱ ቋንቋ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው ያለ። ሁሉም ኩያ ስለሚሉት እኔም ኩያ አልኩት። ስለ ብሔራዊ ቡድናቸው ስለ ጊላስ ሲያወራ ፊቱ ይለዋወጣል። «ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነው የምንጀምረው» ይለኛል። በሱ ሰበብ እኔም ጊላስን መከታተል ጀመርኩ። አሁን ሳየው ሰውዬው ልክ ነበር።

ታሪካቸው ቀላል አይደለም። በ1936 በርሊን ኦሊምፒክ 5ኛ ወጥተዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1954 ብራዚል ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በካርሎስ ሎይዛጋ ጨዋታ ነሐስ ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ በወንዶች ዓለም ዋንጫ ሜዳሊያ ያገኘ የእስያ ቡድን የለም። በ1975 የተመሠረተው ሊጋቸው ፒቢኤ የእስያ የመጀመሪያው ፕሮፌሽናል ሊግ ነው። ኦሊምፒክን ግን ከ1972 ወዲህ አላዩም። በ2019 የቻይናው ዓለም ዋንጫ አምስቱንም ጨዋታ ተሸንፈው ከ32 አገር 32ኛ ወጡ። ሰርቢያ 126 ለ67 ነው የረታቻቸው።

ምን እየበላሸ ነው? እኔ የታዘብኳቸውን ልንገራችሁ።

ቡድኑን በመጨረሻው ሰዓት መሰብሰብ

ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የሚባለው ለጊላስ የተተረተ ይመስላል።

ተጫዋቾቹ የክለብ ንብረት ናቸው። የፒቢኤ ክለቦች ደግሞ የከተማ ስም የላቸውም፤ የድርጅት ስም ነው ያላቸው። ቢራ ከስልክ ይጋጠማል፣ መብራት ከዶሮ። (ቀልድ አይደለም።) ለድርጅቱ ዋንጫው ማስታወቂያው ነው። ስለዚህ ኮከቡን ለብሔራዊ ቡድን የሚለቅቀው ሊጉ ሲያልቅለት ነው። የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፊባ ከ2017 ጀምሮ ማጣሪያውን በዓመት ውስጥ በየጊዜው በሚከፈቱ አጫጭር የጨዋታ ጊዜያት ከፋፍሎታል። ተሰብስቦ ለወራት መለማመድ ድሮ ቀረ።

2023ን እንይ። ዓለም ዋንጫውን ከጃፓንና ከኢንዶኔዥያ ጋር ያዘጋጁት ራሳቸው ናቸው። ኦገስት 25 በፊሊፒን አሬና 38,115 ሰው ገባ፤ የዓለም ዋንጫው ሪከርድ ነው። የአሜሪካው ሊግ የኤንቢኤው ጆርዳን ክላርክሰን ቡድኑን የተቀላቀለው ግን በዚያው በኦገስት ውስጥ ነበር። አብረውት የሚጫወቱት ልጆች ኳሱን መቼ እንደሚያቀብል ገና እየተማሩ ነው። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ 87 ለ81 ተሸነፉ፣ አንጎላ ደገመች፣ ጣሊያን ሠለሰች።

ከዚያ ደግሞ ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን መጣች። አገር ከሆነች ገና 12 ዓመቷ ነው፤ ማኒላ ላይ ፊሊፒንስን 87 ለ68 ረትታ የፓሪስ ኦሊምፒክ ትኬቷን ቆርጣ ተመለሰች። ያን ቀን ለኩያ መልእክት ልልክ ብዬ ተውኩት።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ሃንግዡስ?» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው፣ ከወር ብዙም ሳያልፍ ፊሊፒንስ ቻይና ሃንግዡ ላይ በችኮላ በተሰበሰበ ቡድን የእስያ ጨዋታዎችን ወርቅ ከ61 ዓመት በኋላ ወሰደች። ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት። አሰልጣኙ ቲም ኮንና አጥቂው ጀስቲን ብራውንሊ በክለብ ከ2016 ጀምሮ አብረው ናቸው። ስኮቲ ቶምፕሰንም ጃፔት አጊላርም ከዚያው ክለብ ነው የመጡት። ቡድኑ በጥቂት ሳምንት የተሰበሰበ ይምሰል እንጂ አጥንቱ ሰባት ዓመት አብሮ የቆየ ነው።

ረጅሙን ልጅ ቅርጫት ሥር መትከል

እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው፤ በዓይኔ ስላየሁት።

አንድ ዓርብ አንዱ ሠራተኛ ልጁን ይዞት መጣ። ዕድሜው 14 ቢሆን ነው፣ ቁመቱ ግን ከትልልቆቹ ይበልጣል። ኳስ ሲደርሰው እያነጠረ ወደ ፊት መሮጥ ይፈልጋል። እጁም ደህና ነው። ግን ገና ሁለት ጊዜ ሳያነጥር አምስት ሰው ይጮኽበታል። «ስጠው! ግባ! ሥር ቁም!» ልጁ ኳሱን ለአጭሩ ሰውዬ ይሰጥና ቅርጫቱ ሥር ሄዶ እጁን ሰቅሎ ይቆማል። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደ መብራት እንጨት ቆሞ ዋለ።

ይሄ የመኪና ማቆሚያ ችግር ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረ። ፊሊፒንስ ውስጥም ያው ነው። የፊሊፒን ወንድ በአማካይ 1.65 ሜትር አካባቢ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ 1.93 የደረሰ ልጅ ከተገኘ ያለምንም ጥያቄ ሴንተር፣ ማለትም ቅርጫት ሥር የሚቆመው፣ ይሆናል። ስታ የተመለሰችውን ኳስ ይሰበስባል፣ በትከሻው እየገፋ ያገባል፣ ዋንጫ ያስገኛል፣ አሰልጣኙም ይወደሳል። ከዚያ 22 ዓመት ሞልቶት ጊላስ ሲጠራ የሚጠብቀው ሴንተር 2.10 ነው። በዓለም መድረክ የሱ ቁመት ያለው ሰው ጋርድ፣ ማለትም ከውጭ ኳስ ይዞ የሚመራው፣ ነው የሚጫወተው። «በል እንግዲህ ከውጭ ወርውር፣ ኳስ ይዘህ ውጣ» ይሉታል። በ14 ዓመቱ ከልክለውት በ22 ይጠይቁታል።

ቁመት አጠረን ማለት ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ጃፓኖችም ረጃጅም አይደሉም። ዩኪ ካዋሙራ 1.72 ሜትር ነው፤ በ2023ቱ ዓለም ዋንጫ ፊንላንድን ሲያሸንፉ ሜዳውን ሲያተራምሰው የነበረው እሱ ነው። ጃፓን አጭርነቷን ተቀብላ ሁሉም ከሦስት ነጥብ መስመር እንዲወረውር፣ ሁሉም እንዲሮጥ አደረገች። በ2022 የእስያ ዋንጫ ፊሊፒንስን በ21 ነጥብ ልዩነት የሸኘቻት በዚሁ ጨዋታ ነው።

ስለ ቁመት ካነሳን አይቀር፦ በፊሊፒንስ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ሩብ ያህሉ ቀንጭረዋል። ስለ ሁለት ሜትር ተጫዋች የሚጨነቅ ሰው ስለ ሕፃናቱ ምሳም ትንሽ ቢያስብ ደስ ይለኛል።

ሁሉንም ባንድ ሰው ጫንቃ ላይ መጫን

ፊባ ለአንድ ቡድን አንድ ዜግነት የተሰጠው ተጫዋች ብቻ ይፈቅዳል። በፊባ ዓይን «የአገር ልጅ» ለመባል ፓስፖርቱን 16 ዓመት ሳይሞላህ ይዘኸው መገኘት አለብህ። ክላርክሰን የእናቱ ወገን ፊሊፒናዊ ቢሆንም የሚቆጠረው በዚች በአንዷ ወንበር ላይ ነው። ስለዚህ ክላርክሰን ከገባ ብራውንሊ ይቀራል፣ ብራውንሊ ከገባ ክላርክሰን።

ማርከስ ዳውዚት፣ ከዚያ አንድሬ ብላች፣ ከዚያ ብራውንሊ። ወንበሯ ብዙም ባዶ አትሆንም። ችግሩ በሷ ላይ የተቀመጠው ሰው ሲደክም ነው የሚታየው። በዶሚኒካኑ ጨዋታ ክላርክሰን 28 ነጥብ አስቆጥሮ ጨዋታው ሳያልቅ በፋውል (በጥፋት) ብዛት ወጣ፤ የቀሩት ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። ብራውንሊ ደግሞ የ1988 ልጅ ነው። ሃንግዡ ላይ በግማሽ ፍጻሜው ቻይና በ20 ነጥብ ስትመራቸው ቆይታ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ባለ ሦስት ነጥብ ኳሶችን አከታትሎ አግብቶ 77 ለ76 ያሸነፈላቸው እሱ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ማግኘት መታደል ነው። ግን ልደቱን በየዓመቱ በጭንቀት የሚቆጥር አገር እሱን የሚተካ ልጅ እያሳደገ አይደለም ማለት ነው።

ከውጭ የተወለዱትን ልጆች በተመለከተ መፍትሔው የቢሮ ሥራ ነው። አሜሪካ ያለች እናት ለ10 ዓመት ልጇ ፓስፖርት እንድታወጣለት ማስታወስ። ይኸው ነው።

የሠራውን እቅድ ማፍረስ

በ2021 እዚያው ፊሊፒንስ ክላርክ በተባለች ከተማ በታብ ባልድዊን የሚመራ ቡድን በእስያ ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ ኮሪያን ሁለት ጊዜ አሸነፈ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ቤላንጄል የተባለ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ሰዓቱ ሲያልቅ በአንድ እግሩ ሆኖ በወረወራት ኳስ ነው የጨረሰው። ቡድኑ ከሞላ ጎደል ተማሪ ነበር። ጥቂት ቀን ቆይተው ቤልግሬድ ላይ ሰርቢያን አስጨነቋት። ያቺን ከሁለት ዓመት በፊት በ59 ነጥብ ልዩነት የቀጠቀጠቻቸውን ሰርቢያን!

ሰው ይሄን ይዞ አራት ዓመት ይቆያል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። በ2022 መጀመሪያ ባልድዊን ቀረ፣ ቾት ሬየስ ተመለሰ፣ ቡድኑ ተበተነ። በዚያው ዓመት ሃኖይ ላይ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎችን ወርቅ ለኢንዶኔዥያ አስረከቡ፤ ከ1989 ወዲህ ያልደረሰባቸው ነገር ነው። ከዚያ በእስያ ዋንጫው ሩብ ፍጻሜ እንኳ ሳይገቡ 9ኛ ሆኑ። ሬየስ መጥፎ አሰልጣኝ አይደለም፤ በ2013 ማኒላ ላይ ኮሪያን ጥሎ አገሩን ለዓለም ዋንጫ ያበቃ እሱ ነው። ጥፋቱ የጀመሩትን ሳይጨርሱ ሌላ መጀመሩ ላይ ነው።

ከ2024 ወዲህ የተማሩ ይመስላሉ። ቲም ኮን ለአንድ ዙር ሙሉ የሚቆይ የ12 ሰው ቡድን መርጦ ያዘ። በዚያው ዓመት ጁላይ ሪጋ ላይ ላትቪያን በገዛ ሜዳዋ 89 ለ80 አሸነፉ። ኖቬምበር ላይ ኒውዚላንድንም ማኒላ ላይ ረቱ። ግን 12 ሰው ብቻ መያዝም ጣጣ አለው። የቡድኑ ምሰሶ ካይ ሶቶ በ2025 ጃንዋሪ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ከኋላው እሱን የሚያህል አልነበረም። ጅዳ ላይ በእስያ ዋንጫው ሳዑዲን በጭማሪ ሰዓት ቢያሸንፉም በሩብ ፍጻሜው አውስትራሊያ 84 ለ60 ሸኘቻቸው።

ውጭ የሄደውን መርገም፣ ወይም ሁሉንም ወደ አሜሪካ መግፋት

ሶቶ 2.21 ሜትር ነው። በ17 ዓመቱ አሜሪካ ሄደ፣ ከዚያ አውስትራሊያ፣ ከዚያ ጃፓን። በ2022 የኤንቢኤ የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ስሙ ሳይጠራ ሲቀር አገሩ ውስጥ የተሳለቀበት ሰው ብዛት ያስገርማል። ልጁ ግን ከሱ እኩል ከሚረዝሙ ሰዎች ጋር በየሳምንቱ እየተጋፋ ነበር። ያንን አገር ቤት አያገኘውም።

ለብዙዎቹ ትክክለኛው መንገድ ኤንቢኤ ሳይሆን የጃፓን ሊግ ነው። ከ2020 ጀምሮ የእስያ ተጫዋች ቦታ ከፍቷል። ተርዲ ራቬና ቀድሞ ገባ፣ ዱዋይት ራሞስና ሌሎቹ ተከተሉ። ያ የክላርኩ ቤላንጄል ደግሞ ኮሪያ ሄዷል፤ ባሸነፋቸው ሰዎች ሊግ ይጫወታል።

«ፑሶ» ሲበዛ

ፑሶ ልብ ማለት ነው። ደጋፊው የሚጮኸው እሱን ነው። ልብ ጥሩ ነው። ጁላይ 2 2018 ግን ከአውስትራሊያ ጋር ሲጫወቱ ልቡ ወደ ቡጢ ተቀየረ። ወንበር ሁሉ ተወረወረ። 13 ተጫዋች ተባረረ፣ ዘጠኙ የነሱ ናቸው። ጊላስ በሦስት ሰው ጨዋታውን ቀጥሎ፣ ሆን ብለው ፋውል እየሠሩ ወጥተው ተጠናቀቀ። በኋላ አሥር ተጫዋች ታገደ። ማጣሪያው መሃል ላይ አሥር ሰው ማጣት ምን እንደሆነ አስቡት። ጠቡ እንደበረደ ደግሞ አንዳንዶቹ እዚያው ፈገግ ብለው ፎቶ ተነሡ። አሰልጣኝ ልጆቹን ሲያሳድግ ዳኛ ሲያበሽቃቸው ምን እንደሚያደርጉ ካላስተማራቸው ልብ ብቻውን እንዲህ ያደርጋል።

ቤት ውስጥ ሌላ ሕግ መልመድ

ይቺ ትንሽ ናት። ፒቢኤ በ2024 የአራት ነጥብ መስመር አሰመረ። ከሩቅ የገባ ኳስ አራት ይቆጠራል። ለተመልካች ያዝናናል። ፊባ ሜዳ ላይ ግን እንዲህ የሚባል መስመር የለም። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ለአራት ነጥብ ከዚያ ርቀት መወርወር ለምዶ ለአገሩ ሲጫወት ያው ኳስ ሦስት ነው።

ዜናውን ለኩያ በስልክ ነገርኩት። አሁን አገሩ ገብቷል። የቀበሌያቸው ሜዳ በመኸር ጊዜ ሩዝ ማድረቂያ ነው፤ ሩዙ እስኪነሳ ጨዋታ የለም። ትንሽ ዝም አለና «አራት?» አለኝ። «ሦስቱንስ መቼ አገባነው ኩያ?» እኔንም በመጨረሻ ኩያ አለኝ።